አባቴ የመሰከረልኝ ጥምቀት

ላሊበላ በገባሁ በመጀመሪያው እሁድ አንድ አስጎብኚ ከኋላዬ ተከትሎኝ መጣና «እህት፣ ትኬት ቆርጠሻል?» አለኝ። ጂንስ ሱሪ ለብሼ፣ ነጠላ ሳልይዝ፣ የፀሐይ መነጽር አድርጌ ወደ ዓለቶቹ አብያተ ክርስቲያናት እየወረድኩ ስለነበር ከውጭ አገር የመጣሁ ጎብኚ መስዬዋለሁ። «ተማሪ ነኝ፤ ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት» ስለው አፍሮ ሳቀ። «እንግዲያ ለመሳለም ነዋ!» ብሎ መንገዱን ለቀቀልኝ።

ለመሳለም ይሁን ለማየት እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ስገባ፣ ከሩቅ ገጠር በእግራቸው የመጡት ሰዎች ሁሉንም ነገር ያውቁታል። የት እንደሚሰግዱ፣ የትኛውን መቃን እንደሚሳለሙ፣ መቼ እንደሚነሱ። እኔ ጥግ ይዤ እጆቼን አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት አደርጋለሁ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት አየት አድርገውኝ ፈገግ አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንግዳ ሲያዩ የሚፈገገው ዓይነት ፈገግታ ነው። እኔ ግን እንግዳነቴ ከበደኝና ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ።

እናቴ የላስታ፣ የኩልመስክ ልጅ ነበረች። አባቴ የኮምቦልቻ ሙስሊም ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። መኪናው ኩልመስክ ላይ ተበላሽቶ ዕቃ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ተዋወቁ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዳር አዲስ አይደለም። ቢሆንም የእናቴ ወንድሞች አልወደዱትም፤ እሷም ሳትመረቅ ነው ከቤት የወጣችው። ገና ትንሽ ሳለሁ ታማ ሞተች። ከእሷ የማስታውሰው የሹራቧን አንገት ብቻ ነው፤ ቡናማ ነበር፣ ጉንጬን ይበላኝ ነበር። አባቴ ከዓመታት በኋላ ሙስሊም ሴት አገባ። የእንጀራ እናቴን እትዬ ነው የምላት። ከወለደቻቸው ልጆች ለይታ አይታኝ አታውቅም፤ ጸጉሬን ስትሠራኝ እንኳ ከእኔ ነበር የምትጀምረው።

ቤታችን የሙስሊም ቤት ነው። በረመዳን ሲጾሙ እጾማለሁ፣ ለገና ደግሞ አባቴ ነጭ ቀሚስ ገዝቶ ወደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይልከኛል። ከፍ ስል አንድ ቀን «እኔ ምንድን ነኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናትሽ ክርስቲያን ነበረች፣ እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ስታድጊ ራስሽ ታውቂዋለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እሱም አላነሳው፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ላሊበላ የሄድኩት የሆቴል ሥራ ልማር ነው። ሌላም ቦታ ደርሶኝ ነበር፤ ላስታ የእናቴ አገር ስለሆነ መረጥኩት። እዚያ ስደርስ ግን የእናቴ አገር ማለት የማላውቀው ገደልና የማላውቀው ብርድ ሆኖ ጠበቀኝ። ቱሪስቱ ከቀነሰ ቆይቷል፤ ሆቴሎቹ ብዙውን ጊዜ ባዶ ናቸው፤ እኛም ማንም የማይተኛበትን አልጋ እያነጠፍንና እያፈረስን እንማራለን።

ክፍል የተከራየሁት አብራኝ ከምትማር፣ እዚያው አቅራቢያ ካለው ብልባላ ከመጣች ልጅ ጋር ነበር። ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ ዘመዶቿ በአህያ ዱቄትና ሽሮ ያመጡላታል፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ እንበላለን። ሳቂታ ናት፣ ግን ለእሁድ ቀልድ አታውቅም። ሳይነጋ ተነስታ ነጠላዋን ታጣፋና ትሄዳለች። አንድ ቀን ተኝቼ ሳለሁ ከበሩ ላይ ቆማ፣

«አጥቢያሽ የት ነው?» አለችኝ።

«አጥቢያ የለኝም።»

«አጥቢያ የሌለው ሰው አለ እንዴ? ብትሞች የት ትቀበሪያለሽ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከሻንጣዋ ሌላ ነጠላ አውጥታ አልጋዬ ላይ ጣለችልኝ። «ተነሽ። ወደ ቱሪስቶቹ አይደለም የምንሄደው።»

ከኮሌጁ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ በጽድና በወይራ የተከበበች ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። አስጎብኚ እዚያ አይወጣም፤ የሚያስጎበኘው የለም። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ዳር ዳሩ ዝጓል፣ ነፋስ ሲነሳ አንዱ ጠርዝ ይንኳኳል። ሽማግሌዎቹ በታቦቷ ስም ይጠሯታል፤ ተማሪዎቹ ግን «ቆርቆሮዋ» ነው የሚሏት። ከግቢዋ ቁልቁል ሲያዩ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ማሳ ይታያል።

የዚያን ቀን ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። አንዷ ወፈር ያሉ እናት ነጠላዬን በተሳሳተ በኩል እንዳጣፋሁ አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ገልብጠው አስተካከሉልኝና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ግዕዙ አልገባኝም። መቆሙ አደከመኝ። ቢሆንም ወጥቼ አልሄድኩም። ቅዳሴው ሲያበቃ ሰዉ ወደ ሰንበቴው ሄደ። ሰንበቴ ማለት የአጥቢያው ሰዎች ተራ ገብተው ዳቦና ጠላ እያመጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ አብረው የሚቀማመሱበት ማኅበር ነው። ጭድ በተነሰነሰበት ዳስ ውስጥ ተቀመጥን። ዳቦው ሲቆረስ ነጠላዬን ያስተካከሉልኝ እናት አፈጠጡብኝ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የኮምቦልቻ ነኝ። እናቴ የኩልመስክ ልጅ ነበረች።»

«የኩልመስክ! ታዲያ የኛው ነሻ። አባትሽስ?»

«አባቴ ሙስሊም ነው።»

ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዳቦውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሴትዮዋ ግን ወዲያው ጉልበታቸውን መታ አድርገው «እንግዲያ የወሎ ልጅ ነኝ በይና!» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ጠላ ተቀዳልኝ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር። ከዳሱ ጥግ ሆነው ጢማቸውን እያሻሹ አዩኝ።

ከዚያ በኋላ እሁድ ባይነጋ ብዬ እመኝ የነበርኩት ሰው፣ እሁድን መጠበቅ ጀመርኩ። ዳቦ በመቁረሱ፣ ጣሳ በማጠቡ፣ ዳሱን በመጥረጉ እረዳለሁ። ኮሌጅ የተማርኩትን ሳህን አያያዝ ላሳያቸው ስሞክር ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ሳምንት ጉንፋን ያዘኝና ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፤ ወፍራሟ እናት የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ሽቅብ ቁልቁሉ አድክሟቸው እያለከለኩ ቆመዋል። «ቀረሽብን» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። አጥሚቱን እስክጨርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ተሸፋፍኜ አለቀስኩ። ላሊበላ ከመጣሁ ወዲህ መቅረቴን ያወቀ ሰው አልነበረም።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የብልባላዋ ጓደኛዬና ሌሎቹ ተማሪዎች ለመቁረብ መዘጋጀት ጀመሩ። እኔም ፈለግሁ። ፍላጎቱ መቼ እንደገባብኝ አላውቅም፤ ሲመጣ ግን ሙሉ ሆኖ ነው የመጣው። ስለዚህ ቄሱን ላነጋግር ወሰንኩ።

ቄሱ አጭርና ፈጣን ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ገበሬ ናቸው፤ በጥምጣማቸው ላይ ገለባ የማይጠፋበት ጊዜ የለም። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«አባታችን፣ የንስሐ አባት ይሁኑኝ።»

«እሰይ፣ እሰይ። ክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

«አላውቀውም።»

«ረሳሽው?»

«አይ። ክርስትና ተነስቼ እንደሆነም አላውቅም።»

ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አከኩ። «ይሄማ ጭንቅ ነው፣ ልጄ። ተጠምቀሽ ከሆነ ደግሜ ባጠምቅሽ እኔ ጠፋሁ። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ሳትጠመቂ ደግሞ ባቆርብሽ ሁለታችንም ጠፋን። የሚያውቅ ዘመድ የለም?»

«እናቴ የለችም። አያቴም አርፈዋል። አክስቴ ዓረብ አገር ናት፣ አድራሻዋ የለኝም። አጎቶቼ እኔን አያውቁኝም።»

«ያየ ሰውስ? ማንም ይሁን ግድ የለኝም። በዓይኑ ያየ ሰው።»

አንድ ሰው ብቻ ነበር ትዝ ያለኝ፤ እሱን መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ፈራሁ። አባቴ እንዲህ አሳድጎኝ፣ እንዲህ ሳይለየኝ ኖሮ፣ አሁን ደውዬ «ወደ ሌላ ቤት ልገባ ነውና በሩን ክፈትልኝ» እንደማለት ሆነብኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ስለ ትምህርት፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እትዬ ጉልበት ሕመም አውርቼ ዘጋሁት። በመጨረሻ ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «አሁን፣ እኔ እያየሁሽ» አለችኝ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እኔ ክርስትና ተነስቻለሁ?»

ከበስተጀርባው የመኪና ጥሩንባና የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ቄሱ።»

«ያስቸገረሽ ሰው አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ የፈለግሁት።»

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አብሽሪ። ይሄ በስልክ የሚወራ አይደለም። እመጣለሁ።»

እስኪመጣ ድረስ ምን ሊለኝ እንደሚመጣ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሊቆጣኝ ይሆን? ይዞኝ ሊመለስ? ጓደኛዬ «አባት ለቁጣ ይሄን ሁሉ መንገድ አይመጣም፤ ቁጣ በስልክም ይደርሳል» ትለኛለች።

ጁምዓን ሰግዶ፣ በማግስቱ ተሳፍሮ ወደ ማምሻው ደረሰ። መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሳየው አነሰብኝ። ወገቡን ካመመው ወዲህ መንዳት ትቶ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ረጅም መንገድ መቀመጥ እንደማይችል ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። እትዬ የላከችልኝን ወፍራም ሹራብ ከፌስታሉ አውጥቶ እዚያው መንገድ ላይ አለበሰኝ።

«አውቶቡሱ ኩልመስክ ላይ ለምሳ ቆመ» አለኝ ወደ ማደሪያው ስንሄድ። «ሁሉም ወረደ። እኔ አልወረድኩም።»

«ለምን?»

«እንጃ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

እራት ስንበላ አላስቻለኝም። «ንገረኝ እንጂ፣ አባዬ። ተነስቻለሁ ወይስ አልተነሳሁም?»

«ተነስተሻል» አለኝ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል። «ስምም አለሽ። ስሙን ግን ለቄሱ ነው የምነግራቸው። እናትሽ ከቄስ በቀር ለማንም እንዳትናገር ብላኛለች።»

በማግስቱ ጉብታውን ቀስ እያልን ወጣነው። ከግቢው በር ስንደርስ ቅዳሴው ሊያልቅ ነበር። አባቴ ቆመ። «ግባ እንጂ፣ ማንም አይከለክልህም» አልኩት። «አውቃለሁ። እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ከአጥሩ ውጭ፣ ጽድ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ወዴት እንደምሆን ጨነቀኝ። ገብቼ ልቁም ወይስ ከእሱ ጋር ልቀመጥ? በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሜ ጨረስኩት፤ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ።

ቄሱ ስነግራቸው እሱን ወደ ውስጥ አላስጠሩትም። ራሳቸው ወጡ። አባቴ ተነስቶ እጅ ሊነሳ ሲል ቀድመው ትከሻውን ያዙት። «እንኳን ደህና መጡ፣ ወንድሜ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ መንገዱ ይጎዳል» አሉት፤ እሳቸውም ከጎኑ ተቀመጡ። ወሬው ደርሶ ኖሮ ወፍራሟ እናት፣ ጓደኛዬና ሌሎችም ሰዎች ተከትለው ወጡ። ሊቀ መንበሩም በትራቸውን ይዘው መጥተው ቆሙ።

«አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝና» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ አባቴን ሳያዩ። «የእስልምና ሰው ስለ ጥምቀት ይመሰክራል? እንዲህ ያለ ነገር እኔ አይቼ አላውቅም።»

ፊቴ ጋለ። አባቴ ግን መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። ቄሱ ቀና ብለው፣ «የምጠይቃቸው ያዩትን ነው። የሚያምኑትን አልጠየቅኋቸውም። ይቀመጡና አብረን እንስማ» አሏቸው። ሊቀ መንበሩ አልተቀመጡም፤ ግን አልሄዱም።

አባቴ መናገር ጀመረ። ረጅም ንግግር የማያውቅ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቃላቱ ይያያዙበት ነበር።

«እናቷ ልትወልድ ስትል ወደ ወላጆቿ ቤት ኩልመስክ ሄደች። ከቤተሰቦቿ ያስታረቃት እርግዝናው ነው። የቤቱ ወንዶች እኔን አይወዱኝም፤ እውነታቸውን ነው፣ ሳይመርቁን ነው የወሰድኳት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ነው ብለው ሲልኩብኝ ሲሚንቶ ጭኜ መንገድ ላይ ነበርኩ። ከነጭነቱ ዞሬ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆምኩ። የኩልመስክን ብርድ መቼም ያውቁታል፣ አባ። አያቷ ታቅፈዋት ሲገቡ አየሁ። አንዲት ጎረቤታቸውም አብራ ገባች፣ የክርስትና እናቷ ነች ያሉኝ። ከዚያ ብዙ ጸሎት ሆነ። ከዚያ ውሃውን ሲያፈሱባት ጮኸች።»

መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ልጄን በብርድ ገደሏት ብዬ አጥሩን ልዘል ስል አንድ ሽማግሌ ሸሚዜን ይዘው መለሱኝ። ‹አይዞህ፣ ሁሉም ይጮሃል፤ ያልጮኸ ነው የሚያሳስበን› አሉኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ።

«ስትወጣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለዋታል። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ግንባሯ በቅባት ያበራል። ልስማት ጎንበስ ስል አያቷ በእጃቸው ከለሉኝ። ‹ሜሮን ነው፤ አትንካው። እግሯን ሳም› አሉኝ። እግሯን ሳምኩ። በጣም ቀዝቅዞ ነበር።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን የምይዘው አጣሁና የአጥሩን እንጨት ያዝኩ።

«ስሙስ?» አሉ ሊቀ መንበሩ። ድምፃቸው የቅድሙ አልነበረም። «ስሟን እርስዎ በምን አወቁ?»

«እናቷ ነግራኝ። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ትታመም ነበር። እናቷም ደካማ ነበረች፤ እሷ ቤት ሆና ጠበል የምታስመጣው በእኔ ነው። ከበሩ ቆሜ ለቄሱ ‹ለእገሊት ጸልዩላት› እላለሁ። ተሳስቼ በሌላ ልጅ ስም እንዳይጸለይ ብዬ፣ መኪና እየነዳሁ ስሙን በከንፈሬ ብቻ ስደጋግመው እውል ነበር። ረዳቴ ያበድኩ ይመስለው ነበር።»

ከዚያ ወደ ቄሱ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ስሙን ነገራቸው። እዚህም አልጽፈውም፤ የእናቴን ቃል እሱ ያን ያህል ዘመን ከጠበቀው እኔ የማፈርስበት ምክንያት የለኝም። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ስሙን በከንፈራቸው ደገሙት። ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝና ስጠጋ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ በሹክሹክታ፣ በስሜ ጠሩኝ።

ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው፤ ግን ዞር ብዬ ሌላ ሰው አልፈለግሁም።

«ስታለቅስ ሰምተዋል፣ ሜሮኑን አይተዋል፣ ስሟንም ይዘዋል» አሉ ቄሱ ለቆሙት ሁሉ። «እኔ ይሄን ሰምቼ ዳግመኛ አላጠምቃትም። ልጅቷ የቤቱ ልጅ ናት።»

ሰንበቴው የጾም ስለነበር ችግር አልገጠመንም። ሥጋ የለ፣ የማን እጅ አረደው የለ፤ የባቄላ ንፍሮና የጾም ወጥ ነበር፣ አባቴም ከሁሉም ጋር ቀርቦ በላ። ጠላ አይጠጣምና ወፍራሟ እናት ከየት እንዳመጡት እንጃ የማር ብርዝ አቀረቡለት። እሱም ባለሙያ ናቸው ብሎ አደነቃቸው፤ እሳቸውም እንደ ልጃገረድ አፈሩ።

የቀትር ሶላት ሲደርስ አባቴ ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ ጠየቀኝ፤ ለመስገጃም ራቅ ያለ ቦታ። ቄሱ ከአጥሩ ውጭ ያለውን የራሳቸውን አውድማ አሳዩት። እኔ ውሃውን ሳፈስለት ሊቀ መንበሩ ከቤታቸው በኩል መጡ፤ ቤታቸው ከጉብታው ሥር ነው። ክንዳቸው ላይ የበግ አጎዛ ይዘዋል።

«መሬቱ ይቀዘቅዛል» አሉ፣ አሁንም አባቴን በቀጥታ ሳያዩት። «ንጹሕ ነው። ትናንት ነው ፀሐይ ላይ የዋለው።»

አባቴ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ሰግዶ እስኪጨርስ ሊቀ መንበሩ ከአውድማው ዳር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ወደ ገብሱ የሚሄዱትን ፍየሎች በበትራቸው እየመለሱ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ክንዴን ይዞ ነበር። እኔን ደግፎኝ ይሁን እኔ ደግፌው አላውቅም።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እናትሽ ልትሞት ስትል ‹አታስገድዳት፣ አትከልክላት› አለችኝ። ብነግርሽ ማስገደድ ይሆናል፣ ብደብቅሽ መከልከል። ስትጠይቂኝ እመልሳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳትጠይቂኝ ብትቀሪም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አይከፋኝም ነበር።»

«አሁንስ ከፍቶሃል?»

«ትንሽ። ልጄ አይደለሽ? በኔ መንገድ ብትሄጂ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የተሸከምኩትን አደራ ዛሬ አድርሻለሁ፤ ቀሎኛል። ሁለቱም አለ።»

ያን የመሰለ መልስ ከእሱ አልጠበቅሁም። ደስ ብሎኛል ቢለኝ አላምነውም ነበር፤ ተቀይሜሻለሁ ቢለኝ አልችለውም ነበር። በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያው ላይ በመስኮት እጁን አውጥቶ ጉንጬን ነካኝ፤ «ሹራቡን አታውልቂ» አለኝ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

የቆረብኩት በሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው። ጓደኛዬ ከፊቴ፣ ወፍራሟ እናት ከኋላዬ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ዲያቆኑ ክርስትና ስሜን ጠየቀኝ፤ በጆሮው ነገርኩት። ጠበሉን ጠጥቼ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ከግድግዳው ተደግፌ ቆምኩ። ምን እንደተሰማኝ ሰዎች ይጠይቁኛል። ትልቅ ነገር ለመናገር እሞክርና ይጠፋኛል። እግሬ ደክሞ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፣ መሄድ ግን አላሰኘኝም።

ወደ ክፍላችን እንደተመለስን ለአባቴ ደወልኩ።

«ቆረብኩ፣ አባዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ወዲያው ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ «አንቺ! ልጅቱ ቆረበች!» ብሎ ተጣራ። ከወጥ ቤቱ በኩል የእትዬ ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልለየሁትም። እልልታ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ የሚሰማ፣ ረጅም፣ ትንፋሿን እየሳበች ደጋግማ የምታቀልጠው እልልታ። ሲያልቅ ስልኩን ተቀበለችው።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ» አለችኝ እያለከለከች። «ምን ተብሎ እንኳን ደስ አለሽ እንደሚባል አላውቅምና እንደመጣልኝ ነው። ጎረቤቶቹ ሠርግ መስሏቸው እየመጡ ነው፤ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገሪያቸው» አልኳት።

«ተይ እስኪ፣ ቆይ፣ ገቡ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ድምፆች፣ ሳቅ፣ የወንበር መንኳኳት ይሰማኛል። እትዬ ለጎረቤቶቿ ወሬውን ስትነግር፣ አባቴ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «እንዲያ አይደለም፣ እኔ ነኝ የማውቀው» እያለ ሲያርማት፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።